641 ላይ እስክደርስ

ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ያለ ካልኩሌተር። የያዝኩት ቁጥር 4,294,967,297 ነው። 32 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ስትጨምሩ የሚመጣው ማለት ነው።

በዚሁ መንገድ በ1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶች የሚሠሩት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች (ፕራይም፣ ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ የማይካፈሉ) ናቸው። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ቀጣዩም እንደነሱ ነው ብሎ ገመተ። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1732 በ641 እንደሚካፈል አሳየ። መልሱን አውቀዋለሁ። የፈለግኩት መንገዱን በእጄ መሄድ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት አድካሚ ነበር። ብቸኛ ቁጥሮችን ከ3 ጀምሬ በተራ ሞከርኩ። በ83 ሳካፍል ቀሪው ዜሮ መጣልኝና ልቤ ዘለለ። መልሼ ሳባዛው ግን አልገጠመም፤ መሀል ላይ አንድ አሃዝ ሳላወርድ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ማካፈል በማባዛት አረጋግጣለሁ። በዚህ አካሄድ 641 ላይ ለመድረስ 115 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ያስፈልጋል።

ሁሉን ነገር የቀየረው የቀሪዎች ዑደት ነው። የ2ን ርቢዎች (2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያሉ የሚቀጥሉትን) ለ17 እያካፈላችሁ ቀሪውን ጻፉ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 15፣ 13፣ 9፣ 1። አራተኛው 16 ነው፣ ከ17 አንድ የጎደለ። ስምንተኛው ላይ 1 ይመጣል፣ ከዚያ እንደገና ከ2 ይጀምራል። የኛን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥርም እንዲሁ ነው፦ 32ኛው ቦታ ላይ አንድ የጎደለው ይመጣል፣ ዑደቱ 64ኛው ላይ ይዘጋል። የፌርማ ትንሿ ቲዎረም ደግሞ ከአካፋዩ በአንድ ያነሰው ቦታ ላይም 1 አለ ትላለች። ስለዚህ ከአካፋዩ ላይ 1 ስንቀንስ የሚቀረው የግድ ለ64 ይካፈላል። የፌርማን ግምት ያፈረሰው የራሱ የፌርማ ቲዎረም መሆኑ እስካሁን ይደንቀኛል።

እንግዲህ 65፣ 129፣ 193 እያላችሁ በ64 ዝለሉ። እስከ 641 አሥር ቁጥሮች ናቸው፣ ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ። አምስተኛው ማካፈል ላይ ቀሪው ዜሮ ሆነ። ሁለት ጊዜ አባዝቼ አረጋገጥኩ።

ድርሻው 6,700,417 ነው። እሱስ ይካፈላል? የሒሳብ ሊቁ ሉካ በኋላ 64ቱን ወደ 128 አሳድጎታል። በ128 እየዘለልን እስከ ዳግም ዘሩ፣ እስከ 2,588 ድረስ፣ የሚገኙት ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1153 እና 1409 ናቸው። ቀሪዎቹ በተራ 170፣ 44፣ 120፣ 334፣ 622 ሆኑ። ዜሮ የለም፤ ስለዚህ ብቸኛ ቁጥር ነው። ይሄ በአንድ ማታ አለቀ።

አሁን ወደ ቀጣዩ፣ 64 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመር ወደሚመጣው ገብቻለሁ፦ 18,446,744,073,709,551,617። እዚህ ዝላዩ በ256 ነው። ላንድሪ የተባለ የሒሳብ ሰው በ1880 ያገኘው አካፋይ 274,177 ነው፣ በዝላዩ 1071ኛው። ብቸኛ ያልሆኑትን እየሰረዝኩ እሄዳለሁ። ትናንት ማታ 769ን ሞከርኩ፣ አልተካፈለም።