22/7 እና ፓይ

ዛሬ ማታ ጎንደር፣ አዘዞ እናቴ ቤት ቡና እየተፈላ ታናሽ እህቴ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ፓይ 22/7 ነው ተብለናል፤ ክፍልፋይ ከሆነ ለምን ኢነባብ ይባላል?»

እንዴት ደስ የሚል ጥያቄ ነው! ፓይ የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ኢነባብ ማለት ደግሞ የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ሆኖ የማይጻፍ ቁጥር ነው። 22ን ለ7 በእጇ አካፈለች። ቀሪዎቹ 1፣ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5 ሆኑና ተመልሶ 1 መጣ። እርሳሷን አቁማ «እንደገና ሊጀምር ነው!» አለች። አዎ፣ ለ7 ሲካፈል ቀሪው ከ6 ስለማይበልጥ መደጋገሙ አይቀርም፤ 142857፣ 142857... ነባብ ቁጥር፣ ማለትም ክፍልፋይ ሆኖ የሚጻፍ፣ አስርዮሹ ወይ ያልቃል ወይ እንዲህ ይደጋገማል። ፓይ ግን 3.14159 እያለ ይሄዳል እንጂ እንዲህ አይዞርም፤ የሒሳብ ሊቁ ላምበርት በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. አረጋግጦታል። 22/7 ለፓይ የሚቀርብ ክፍልፋይ ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት የክብ ስፋት አሰላሁ!

የዳግም ዘር ምልክት ያየችበትን ሁሉ ደግሞ ኢነባብ ብላ ጽፋ ነበር። √16ን አሳየኋት። «አራት!» አለችና ሰረዘችው። ቶናው ሲቀዳ √2 ላይ ነበርን።