ሎደሩ ሲቆም መዶሻውም ይቁም

ባለ ስድስት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ እያፈረስን ነበር። በፈንጂ የሚጣል አልነበረም። ግራና ቀኙ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ስለነበሩ ከላይ ወደ ታች፣ ፎቅ በፎቅ ነበር የሚወርደው። የኔ ሥራ የደህንነት ቁጥጥር ነው።

ቅድመ ዝግጅቱ ላይ ብዙ ተለፍቷል። መብራት፣ ውኃና ጋዝ መቆረጣቸው በጽሑፍ ተረጋግጧል። ብናኙ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ የነበረበት የቧንቧ መጠቅለያ በሠለጠኑ ሰዎች ተነቅሎ ወጥቷል። ኢንጂነሯ ሕንፃውን ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ዞራ ተሸካሚ ግድግዳዎቹን በቀለም ለይታለች። ትንሿ የማፍረሻ ማሽን (ኤክስካቫተር) ከምትሠራበት ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታ ወለል፣ ሥር ሁለት ፎቅ ድረስ የብረት ድጋፍ ቆሟል። ፍርስራሹ በሊፍቱ ጉድጓድ ወደ ታች ይለቀቃል፣ ሎደር ይዝቀዋል፣ ገልባጭ መኪና ይዞት ይሄዳል። ሎደሩ ቢቆምስ? ይህ የትም አልተጻፈም።

ሎደሩ ቆመ። የሃይድሮሊክ ዘይት የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ ፈነዳ፣ መለዋወጫው ደግሞ ዘገየ። ላይ ያለው ቡድን ግን ቀጠለ። የሊፍቱ ጉድጓድ ሞላ። ከዚያ በኋላ የሚፈርሰው ሁሉ እዚያው ሶሌታው ላይ ይከመር ጀመር። «ሎደሩ ሲሠራ አንድ ላይ እናወርደዋለን» ተባለ። አቧራው ጎረቤት እንዳይረብሽ ውኃ መርጨቱም አልቆመም። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሥራ ወዳድ ሰዎች ናቸው። ቀን እንዳይባክን ብለው ነው።

ፎርማናችን ትልቅ ሰው ናቸው። ጠዋት ማንም ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ድጋፎቹ ያሉበት ፎቅ ገብተው እያንዳንዱን ይነካሉ። ማንም አላዘዛቸውም። በብረት ድጋፉ ወገብ ላይ ርዝመቱ የሚስተካከልበት ጥርስ ያለው ቀለበት አለ። እሱን በመዳፋቸው ይይዙና ለማዞር ይሞክራሉ። ማታ ማታ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ወለል በመጥረጊያ ያስጠርጋሉ። አዲስ ለመጣ ሰው ለንጽሕና ሊመስለው ይችላል። ዓላማው ግን ሌሊት ከላይ የወደቀ ነገር ካለ ጠዋት እንዲታይ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጠሩኝ።

«ና እስቲ ልጄ፣ ይህን አዙረው።»

ያዝኩት። ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ያለውንም ሞከርኩ። እሱም እንደዚያው።

«ሰሞኑን በእጄ ነበር የማነቃንቀው» አሉ። «አሁን ጭነቱ ነክሶታል። ወለሉንም እየው።»

ማታ በተጠረገው ወለል ላይ፣ ልክ በሶሌታው መሐል ትይዩ፣ የልስን ቅርፊትና ነጭ ዱቄት ተበትኗል። ቀና ብዬ በባትሪ ሳይ ከአንዱ ቢም (ሶሌታውን ከሚሸከም አግዳሚ) ወደ ሌላው የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ታየኝ። አዲስ መሆኑ ያስታውቃል። አሮጌ ስንጥቅ ጠርዙ ጥቁር ነው፣ አቧራ ይዟል። ይኸኛው ነጭ ነበር።

ፊሽካው ተነፋ። የኤክስካቫተሯ ሹፌር ሞተር አስነስቶ ወደ ዳር ሊያወጣት ሲል ፎርማኑ ጮኹ፦ «ማሽኑን ተወው! አንተ ውረድ!» ማሽን ስትንቀሳቀስ ታርገበግባለች፣ ሶሌታው ደግሞ ያን አይችልም ነበር። ሁሉም ወረደ። በአጥሩ በኩል ያለው የእግረኛ መንገድም ተዘጋ።

የሳይቱ ኃላፊ ሲደርስ ተናደደ። ያነሳው ጥያቄ ግን ብዙ ሰው የሚያነሳው ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። «ይህ ፍርስራሽ ከየት መጣ? ከዚሁ ሕንፃ አይደለም እንዴ? ሕንፃው ስንት ዘመን ተሸክሞት ኖሮ ዛሬ ነው የከበደው?» አለ።

ኢንጂነሯ ጠመኔ አንስታ ግድግዳው ላይ ጻፈችለት። ሕንፃው ሲቆም እያንዳንዱ ፎቅ የሚሸከመው የራሱን ነው። የላይኛው ፎቅ ክብደት በቢምና በኮለን (በቋሚ ምሰሶ) አድርጎ ወደ መሠረቱ ይወርዳል እንጂ የታችኛው ሶሌታ መሐል ላይ አይቀመጥም። ሲፈርስ ግን ግድግዳውም፣ ኮለኑም፣ ጣሪያውም አንድ ሶሌታ ላይ ይተኛል። የቢሮ ወለል ከራሱ ክብደት ሌላ ለሰውና ለዕቃ ተብሎ የሚሰላለት ጭነት ብዙውን ጊዜ በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ኪሎ ገደማ ነው። የተሰበረ አርማታ በመካከሉ ክፍተት እያለውም አንድ ሜትር ኩቡ ወደ 1,500 ኪሎ ይመዝናል። ክምሩ 80 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ስለዚህ በካሬ ሜትር 1,200 ኪሎ ማለት ነው። ከታሰበለት አራት እጥፍ። ውኃው አልተቆጠረም። ኤክስካቫተሯም አልተቆጠረችም።

ኃላፊው ቁጥሩን ለጥቂት ጊዜ አየና «እሺ፣ ምን እናድርግ?» አለ። ለዚህ መልሱ አከብረዋለሁ።

ማውረዱ ከባዱ ክፍል ነበር። ድጋፍ ጭነትን አያጠፋውም፣ ለታችኛው ፎቅ ያቀብለዋል እንጂ። ስለዚህ መጀመሪያ ድጋፉ እስከ ምድር እንዲደርስ ተደረገ። ይህ የተሠራው ከምድር ተነስቶ ወደ ላይ ነው፣ በጣም የተጎዳው ክፍል ሥርም ማንም እንዲገባ አልተፈቀደም። ቀጥሎ ሠራተኞች የደህንነት ገመድ ታጥቀው፣ በቢሞቹ መስመር ላይ ብቻ እየቆሙ፣ የመሐሉን ክምር በአካፋ ቀነሱ። ከአንዱ ጥግ ዝቆ ሌላ ጥግ መከመር ተከለከለ፣ የተዛቀው ሁሉ በውጭ በተሰቀለ ቱቦ ወዲያው ይወርዳል። የሊፍቱን ጉድጓድ የሞላው ፍርስራሽም ግድግዳዎቹን ወደ ጎን እየገፋ ስለነበር ሰው ሳይገባበት በኪራይ ሎደር ከታች ተለቀቀ። ሥራው ዘገየ። ሰው አልተጎዳም።

ይህን ሳስብ የደቡብ ኮሪያዋ ግዋንግጁ ትመጣብኛለች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 2021 እዚያ በመፍረስ ላይ የነበረ ባለ 5 ፎቅ ሕንፃ በመንገዱ በኩል ተገልብጦ ፌርማታ ላይ የቆመ የከተማ አውቶቡስ ላይ ወደቀ። 9 ሰዎች ሞቱ፣ 8 ቆሰሉ። በምርመራው እንደታወቀው ከላይ ወደ ታች የማፍረሱ ቅደም ተከተል አልተጠበቀም። ለኤክስካቫተሩ መወጣጫ ተብሎ ከኋላ አፈር ተቆልሏል፣ ለአቧራው የተረጨው ውኃም ክብደት ጨምሮበታል። አውቶቡስ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ስለ ዕቅዱ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ወደየጉዳያቸው እየሄዱ ነበር። እኛም ሳይት አጥር ጥግ እግረኛ ያልፋል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ።

ቀጣዩን ሕንፃ ስንይዝ ኢንጂነሯ በየፎቁ ኮለኖቹ ላይ ቀይ መስመር አሠመረች፣ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። ፍርስራሹ መስመሩን ከነካ መዶሻ ይቆማል፣ ለማስቆምም የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። የቀን ሠራተኛም ቢሆን ፊሽካ ይነፋል። ዕቅዱ ላይ የፍርስራሽ ማውጫ መንገድ ራሱን የቻለ ገጽ ተሰጠው፣ ዋናው ሲዘጋ ተለዋጩ የቱ እንደሆነም ተጻፈ። ተጠባባቂ ሎደር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲከራይ የጠየቀው ደግሞ ያው ኃላፊ ነው። ባለቤቱ ወጪው በዛ ብሎ ሲያንገራግር ስሌቱን ራሱ በጠመኔ ጽፎ አስረዳው፣ ኪራዩም ተፈቀደ።