ሁለቱ ተቀያሪዎችና ሰባቱ ፈረንሳዮች

የፈረንሳይ ደጋፊ በሆነው በእህቴ ባል ስልክ ውስጥ ከልጆቹ ፎቶግራፍ ቀድሞ የሚገኝ አንድ ምስል አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአርጀንቲናና የፈረንሳይ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ በ108ኛው ደቂቃ፣ ሜሲ የአርጀንቲናን ሦስተኛ ግብ ሲያስቆጥር የተነሳ ነው። ኳሷ ገና የግብ መስመሩን አላለፈችም። ሁለት የአርጀንቲና ተቀያሪዎች ግን ደስታው ቀድሟቸው ሜዳ ረግጠዋል። ምስሉን በሁለት ጣቶቹ ያሰፋና እግራቸው ሥር ያደርሰኛል።

«ይቺ መስመር አይደለችም?»

መስመር ናት። እኔ የአርጀንቲና ደጋፊ ስለሆንኩ ዓይኔ አልታወረም። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ መሠረት፣ ግብ ሲቆጠር ያስቆጠረው ቡድን ተቀያሪ ሜዳ ውስጥ ከተገኘና ዳኛው ጨዋታው ሳይቀጥል ካወቀ፣ ግቡ ተሽሮ ለተጋጣሚው ቅጣት ምት ይሰጣል። ይህንን ሕግ የእህቴ ባል በቃሉ ይዞታል። ሌሎቹን የእግር ኳስ ሕጎች ስለማወቁ ግን እጠራጠራለሁ።

እኔም መልስ አላጣሁም። መልሱን ያቀበለኝ ፖላንዳዊው የመሐል ዳኛ ሺሞን ማርቺኒያክ ራሱ ነው። ከፍጻሜው በኋላ በጋዜጠኞች ፊት ስልኩን አውጥቶ፣ ምባፔ ሲያስቆጥር ሰባት ትርፍ ፈረንሳዮች ሜዳ ውስጥ እንደነበሩ የሚያሳይ ምስል አሳየ። በዚያ ቀን እንደ ሠርግ ቤት ልጅ ነበር የተደሰትኩት። «የእናንተ ሰባት፣ የእኛ ሁለት!» እያልኩ ስንት ሳምንት ሰውየውን እንቅልፍ ነሳሁት።

ቆየት ብዬ ሳስበው ግን መልሱ መልስ አይደለም። ሰባት ከሁለት ይበልጣል እንጂ ሁለቱን አያጠፋም። ደግሞስ ዳኛ እንደ እኛ ስልኩን መዝዞ ክርክር ውስጥ ሲገባ ደስ የሚለኝ ለእኔ ወገን ሲሆን ብቻ አይደል? ያንኑ ምስል ለፈረንሳይ ተሟግቶበት ቢሆን ኖሮ «ዳኛ በፊሽካው እንጂ በፎቶግራፍ አይናገርም» ብዬ የምጮኸው የመጀመሪያው ሰው እኔ እሆን ነበር።

ይህንን ለእሱ አልነገርኩትም። እዚህ ነው የምጽፈው።

አንድ ጊዜ እኔም ባንዲራ ይዣለሁ። የመሥሪያ ቤቶች ውድድር ፍጻሜ ነበር፤ የተመደበው የመስመር ዳኛ ሳይመጣ ቀርቶ፣ ሕጉን አውቃለሁ ባይ ስለነበርኩ እኔን አቆሙኝ። ከውጭ ሲታይ ቀላል ሥራ ይመስላል። ከመጨረሻው ሁለተኛ ተከላካይ ጋር እኩል ቆሞ መሮጥ ነው። ችግሩ ኳሱን የሚያቀብለው ተጫዋች ሠላሳ ሜትር ርቆ መኖሩ ነው። እግሩ ኳስ የነካበትን ቅጽበትና የአጥቂውን ቦታ በአንድ ጊዜ ማየት አለብህ፤ ሁለት ዓይን ግን አንድ ወገን ብቻ ነው የሚያየው። ልምድ ያላቸው ዳኞች ዓይናቸውን ከተከላካዩ መስመር ሳያነሱ የኳሱን ድምፅ ይሰማሉ ይባላል። እኔ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የምሰማው የራሴን ልብ ምት ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንገቴን ወደ አቀባዩ አዞርኩ። መለስ ስል አጥቂው ተከላካዩን በሁለት እርምጃ ቀድሞታል። እነዚያን ሁለት እርምጃዎች ኳሱ ከመመታቱ በፊት ይሂዳቸው ወይስ አንገቴ ሲዞር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ከጨዋታ ውጭ ነው» ለማለት ክንዴ ከሐሳቤ ቀድሞ ተነሣ። ግቡ ተሻረ፣ ቡድኑም በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። ከሁሉ የከፋኝ ስድቡ አልነበረም። አሸናፊዎቹ መጥተው ጀርባዬን መታ መታ አድርገው «ጎበዝ፣ ጥሩ አየሃት» ማለታቸው ነበር።

ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. የ1966ቱን የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሳስብ ኳሷን ከመታው እንግሊዛዊ አጥቂ ከሐርስት ይልቅ ባንዲራ የያዘው ሰውዬ የሚታየኝ። ኳሷ አግዳሚውን መትታ ወደ ታች ወረደች፤ የስዊዘርላንዱ ዳኛ ዲንስት ወደ መስመር ዳኛው ሄዶ ጠየቀ፤ ቶፊቅ ባህራሞቭም ግብ ነው አለ። እንግሊዞች ዋንጫውን 4 ለ 2 ወሰዱ። «ሩሲያዊው የመስመር ዳኛ» እያሉ ሲጠሩት ቢኖሩም ሰውየው አዘርባይጃናዊ ነበር፤ ዛሬ ባኩ ውስጥ ስታዲየም በስሙ ይጠራል። ጀርመኖች ደግሞ እስካሁን ኳሷ መስመሩን አላለፈችም ይላሉ።

አሁን ወደ እህቴ ባል ልመለስ። ባለፈው እሑድ እርቅ ልፈጥር ብዬ ስጦታ ይዤለት ሄድኩ። ማርቺኒያክ በዚያ ፍጻሜ ላይ ስህተት መሥራቱን በራሱ አንደበት አምኗል። ያመነው ግን ስለ ሜሲ ግብ አይደለም። ፈረንሳዮች በመልሶ ማጥቃት ሲወጡ የአርጀንቲናው ማርኮስ አኩኛ ክፉ ጥፋት ሠራ፤ ዳኛው ጥፋት የተሠራበት ተጫዋች የተጎዳ መስሎት ፊሽካውን ነፋ፤ ልጁ ግን ምንም አልሆነም። ጨዋታውን አስቀጥሎ ካርዱን በኋላ ተመልሶ መስጠት ይችል ነበር። የተበደለችው ፈረንሳይ ናት፤ ምስክሩ ደግሞ ዳኛው ራሱ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

የእህቴ ባል አዳመጠኝ። ቪዲዮውን ፈልጌ ከፈትኩለት። ገና ትንሽ እንዳየ ስልኩን ከእጄ ወሰደና ማስኬድ ጀመረ።

«እሱን ተወው፤ ግብ የለውም» አለ። «108ኛው ደቂቃ የት ጋ ነው?»