ማድ ቤት ውስጥ ብስክሌት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 19፤ ሱሉልታ

ዛሬ ጠዋት እማዬ እንጀራ ስትጋግር ብስክሌቴን ማድ ቤት አስገባሁት። የኋላ ጎማውን አንስቶ በሚሽከረከር ብረት ላይ የሚያስደግፍ ማቆሚያ ብየዳ ቤት አሠርቼ ነበር። እሱን በምጣዱና በሊጡ ባልዲ መሃል ተከልኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሁለት ሹራብ ላይ የዝናብ ጃኬት ደረብኩና ወጣሁበት።

እማዬ ማሰሻውን እንደያዘች ቆማ አየችኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ሰው ከሙቀት ይሸሻል እንጂ ተከትሎት ይገባል?»

«ለቢሾፍቱ ውድድር ነው፣ እማዬ።»

«ቢሾፍቱ ሰው የሚሄደው ለመዝናናት ነው» አለችና አክንባሎውን አነሳች። እንፋሎቱ ፊቴ ላይ መጣ።

ሰዓቴን አላየሁም፤ በእንጀራ ነው የቆጠርኩት። ሦስተኛው ሲወጣ ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ መንጠባጠብ ጀመረ። ስምንተኛው ላይ የብስክሌቱ መሪ ያሟልጨኝ ነበር። አስራ አራተኛው ላይ እማዬ ሰፌዷን አስቀምጣ በሩን በእግሯ ከፈተችው። «በቃ! ሊጤ ውስጥ ልትወድቅብኝ ነው።»

የቢሾፍቱ ነገር የጀመረው ከወር በፊት ነው። አስራ አራት ሰዎች ነን። ገሚሶቻችን በልጅነታችን ብስክሌት የነዳን፣ ገሚሶቻችን ጉልበታችን ያስቸገረን ሯጮች፣ ሁለቱ ሐይቅ ዳር ያደጉ ዋናተኞች። በዓመት አንድ ጊዜ 1.5 ኪሎ ሜትር እንዋኛለን፣ 40 በብስክሌት እንነዳለን፣ 10 እንሮጣለን። ትራያትሎን እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኦሊምፒክ ሲገባ የተያዘው ርቀት ነው። ለቀልድ «ሻምፒዮና» እንለዋለን፤ ዋንጫው ከመርካቶ የተገዛ የሻይ ፔርሙስ ነው። ለቀልድ እንበል እንጂ ያ ፔርሙስ የማን ቤት እንደሚያድር ስናስብ እንቅልፍ የምናጣ አለን።

እስካሁን ውድድሩ እዚሁ ሱሉልታ ነበር። ባለ 25 ሜትር ገንዳ ውስጥ ስልሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ፣ ከዚያ በአስፋልቱ ወደ ጫንጮ ደርሶ መልስ፣ ከዚያ ሜዳው ላይ ሩጫ። ሜዳው ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። ጉድጓዱን ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ ማለት ይቻላል፤ የቱ ጋ ነፋሱ ከጎን እንደሚመጣ፣ የቱ ቤት ውሻ እንደሚያባርር። አምና ሦስተኛ ወጣሁ።

ዘንድሮ ገንዳው ለጥገና ተዘጋ። መንገዱም የሲሚንቶ ጫኝ መኪና በዝቶበት አንዱ ተሳቢ የአንዱን ልጅ ክርን ለጥቂት ሳተው። ቴሌግራም ላይ ድምፅ ተሰጠ፦ ዘጠኝ ለአራት። ዋናው ባቦጋያ ሐይቅ፣ ብስክሌቱ ወደ ዝቋላ አቅጣጫ ሄዶ አቀበቱን ቀምሶ መመለስ፣ ሩጫው የሐይቁን አፋፍ እየወጡ እየወረዱ። ጀልባ ይዞ የሚጠብቀን ሰውዬ ደግሞ ከረፋዱ 3 ሰዓት በፊት አልመጣም ስላለ፣ ብስክሌት ላይ የምንወጣው ፀሐይዋ ስትበረታ ነው።

ከአራቱ ተቃዋሚዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ። ስለ ደህንነት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ልብ ድካም፣ ሁሉም «ለሰው በማሰብ»። አምስት አንቀጽ ነው። አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል፤ ስለ ጫንጮ መንገድና ስለ ሦስተኛነቴ አንድም ቃል የለበትም።

ጋሼ የምንላቸው አሉ፤ 58 ዓመታቸው ነው፣ በቡድኑ ውስጥ የሚበልጣቸው የለም። ምንም አልመለሱልኝም። የድሮ መልእክቴን ፎቶ አንስተው ብቻ ለጠፉት። እ.ኤ.አ. በ2023 የአይረንማን፣ ማለትም የረጅሙ ትራያትሎን፣ የዓለም ሻምፒዮና ለሁለት ተከፍሎ ሴቶቹ ሐዋይ ኮና ሲቀሩ፣ ወንዶቹ ፈረንሳይ ኒስ ሄደው ነበር። የኒስ የብስክሌት መንገድ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ተራራ ይገባል፤ ጠቅላላ አቀበቱ ወደ 2,400 ሜትር ይደርሳል። ያኔ ሰዉ «ኮና ያልሆነ ምን ሻምፒዮና ነው» እያለ ሲያማርር፣ እኔ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦ «ሻምፒዮን መንገድ አይመርጥም። ማልቀስ የልጅ ነገር ነው።»

ከሥሩ አስራ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔም ከመሳቅ ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ።

የሚገርመው የኮናው ውድድር ራሱ ስደተኛ ነው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1978 አስራ አምስት ሰው ይዞ የተጀመረው ኦአሁ በምትባለው ደሴት ላይ ነው። በ1981 ከሆኖሉሉ የመኪና ግርግር ሸሽቶ ኮና ወዳለባት ትልቋ ደሴት ሄደ። እኛ ከተሳቢ እንደሸሸነው መሆኑ ነው። የሄደበት ቦታ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ሙቀት፣ ጥላ የሌለው ጎዳና። ዛሬ «ቅዱስ መሬት» ሊሉት ምንም አይቀራቸው። ከ2026 ጀምሮ ወንዱም ሴቱም ወደዚያው እንዲመለስ ተወስኗል።

ትናንት እሁድ መንገዱን ልናይ ወረድን። ብስክሌቶቹን አይሱዙ ላይ ጫንን። ቃሊቲን አልፈን ዱከም ስንደርስ ሹራብ መውለቅ ተጀመረ። ቢሾፍቱ ከሱሉልታ ወደ 800 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ በአየሩ ሕግ ይህ ብቻ አምስት ዲግሪ ያህል ነው።

ውሃው ለብ ያለ ነው። ገንዳ የለመደ ሰው ግን ከታች የሚከተለው ጥቁር መስመር የለውም። ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ አፍ ነውና ከዳር ትንሽ ፈቀቅ ስትል ሥርህ ጨለማ ነው። ጥልቀቱ ከ60 ሜትር በላይ መሆኑን ያነበብኩት ከመዋኘቴ በፊት ነው፤ ባላነብ ይሻለኝ ነበር።

ብስክሌቱ ላይ ስወጣ ግን በረርኩ። ከሱሉልታ የወረደ ሳንባ እዚያ አየር ሲያገኝ ግብዣ እንደተጠራ ሰው ነው። ኮረኮንቹ ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ ሁሉንም ቀደምኳቸው። «ይቺን ነው የፈራሁት?» ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ አቀበቱ መጣ። ነፋሱም ቆመ።

ይህን ነበር ያላወቅኩት። እኛ ደገኞች ዳገትና ሙቀት አንድ ላይ አይመጡብንም። በእኛ አገር ዳገት ማለት ብርድ ነው፤ እንጦጦ በወጣህ ቁጥር ይቀዘቅዛል። ሁለቱ የሚገናኙት በረሃ ስትወርድ ነው፤ በዚህችው በጫንጮ መንገድ ገፍተህ ጎሃ ጽዮን ደርሰህ ዓባይ በረሃ ስትገባ፣ ከዚያ ወደ ደጀን ስትወጣ። (አይረንማኖቹ በብስክሌት የሚሄዱት 180 ኪሎ ሜትር ከአዲስ አበባ ቢነሱ ጎሃ ጽዮን አፋፍ አካባቢ ያደርሳቸዋል። የበረሃው መግቢያ ላይ ከብስክሌት ወርደው ማራቶን ይሮጣሉ ማለት ነው።)

ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ከአራት ሦስት እጁ ሙቀት ሆኖ ነው የሚቀረው። ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ራስህ የፈጠርከው ነፋስ ላብህን እያደረቀ ይጠርግልሃል። አቀበት ላይ ጉልበትህ ይጨምራል፣ ፍጥነትህ ወደ 8 ይወርዳል፣ ነፋሱ ይጠፋል። እሳቱ ሲጨምር ማራገቢያው ይነቀላል። ላቤ መድረቁን ትቶ ካቴናው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ዝንቦቹ ሳይቸኩሉ አብረውኝ ይሄዳሉ። ጀሪካን የጫነች አህያ አጠገቤ ደረሰች፤ የሚነዳት ልጅ አየት አደረገኝና «ጀባዱ!» አለኝ። በርታ ማለቱ ነው። አህያዋ አለፈችኝ።

ትንሽ ቆይቶ በዚያ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝ። የክንዴ ፀጉር ቆመ። ያን ጊዜ ፈራሁ፤ በሙቀት መሃል የሚመጣ ብርድ ሰውነት መቆጣጠር ሲያቅተው የሚልከው ደወል መሆኑን አውቃለሁ። ወርጄ አንድ ግራር ሥር ተቀመጥኩ፣ የቀረኝን ውሃ አንገቴ ላይ አፈሰስኩ።

ጋሼ ከኋላ ሲመጡ አየኋቸው። ከመጀመሪያው ቀስ ብለው ነበር የተነሱት። ቀላሉ ማርሽ ላይ ናቸው፣ እግራቸው እንደ ጥጥ ፈታይ እጅ ሳይቸኩል ይዞራል፣ ባርኔጣቸው ርሷል። አልወረዱም። ሲያልፉ «አንተ ሱሉልታን ይዘሃት መጣህ» አሉኝና ሄዱ።

ስመለስ መኪናው ላይ ዝም ብዬ ዶሃን አሰብኩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአትሌቲክስ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ሽሽት እኩለ ሌሊት ላይ ተጀምሮ ከ68ቱ 28ቱ አቋረጡ፤ የኛ ሦስቱም ሴቶች ውስጣቸው ነበሩ። ያን ሌሊት ቴሌቪዥኑ ፊት «ምን ሆነው ነው?» እያልኩ ተቆጥቻለሁ። ከሳምንት በኋላ እዚያው ዶሃ ሌሊሳ ዴሲሳ ወርቅ፣ ሞስነት ገረመው ብር ሲያመጡ ቁጣዬን ረሳሁት። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ቀዝቀዝ ወዳለችው ሳፖሮ የተዛወረው ያንን የዶሃ ሙቀት አይተው ነው። ባለፈው ጥቅምት ደግሞ ኮና ላይ ሉሲ ቻርልስ-ባርክሌይ እየመራች ሩጫው ላይ አቋረጠች፤ ከእሷ የተረከበችው ቴይለር ኒብም ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀራት መንገድ ዳር ተቀመጠች፤ ኖርዌያዊቷ ሶልቬይግ ሎቭሴት አሸነፈች። እነዚህ ሥራቸው ይኸው የሆነ ሰዎች ናቸው። እኔ ደግሞ በማለዳ ብርድ ሰልጥኜ፣ አህያ ቀድማኝ፣ በአምስት አንቀጽ ሌላውን ላስተምር።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። «ምች ነው የመታህ» አለች። ወዲያው ጓሮ ወጥታ ዳማከሴ ቀጥፋ መጣች፣ መዳፏ ላይ አሽታ አፍንጫዬ ላይ ያዘችው። ድሮ ብሆን እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከፀሐይ ገብተህ ወዲያው ይህን አታድርግ፣ ላብህ ሳይደርቅ ወደዚያ አትውጣ እያለች ያሳደገችኝ ነገር ሁሉ፣ ሰውነት ሙቀትን የሚችለው ቀስ ተብሎ ነው ለማለት ነበር። የስፖርት ሐኪሞቹም የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ከአስር እስከ አስራ አራት ቀን በየቀኑ እየሞቁ መሥራት። በዚያ ጊዜ የደም ውሃ ይጨምራል፣ ላብ ቶሎ ይመጣል፣ በላብ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል። ወኔ አያስፈልገውም፤ ቀን ነው የሚያስፈልገው።

ውድድሩ ግንቦት 2 ነው። አስራ ሦስት ቀን አለኝ። ሱሉልታ ውስጥ ከእማዬ ማድ ቤት የሚሞቅ ቦታ አላውቅም።

ችግሩ እማዬ የምትጋግረው በሳምንት ሁለቴ ነው። ይህንን ከሰዓት ስነግራት ዝም ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ቡና ልትጠጣ የሄደች መስሎኝ ነበር። አመሻሽ ላይ ተመልሳ መጣችና ደረጃው ላይ ተቀምጣ በጣቷ ቆጠረችልኝ፦ ማክሰኞ የላይኛው ቤት እትዬ፣ ሐሙስ ባለ ሱቋ፣ ዓርብ የአስተማሪው ሚስት። ሁሉም ሊጣቸውን ይዘው እኛ ቤት ይጋግራሉ፤ የመብራቱን ካርድ እኔ እሞላለሁ።

«ምን ብለሽ ነገርሻቸው?»

«ልጄ ለውድድር በእንፋሎት ይታጠናል አልኳቸው። ደስ ነው ያላቸው፤ ካርድ ተወዷል።»

የላይኛው ቤት እትዬ ቤተሰባቸው ብዙ ነው። ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አርባ እንጀራ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ውሃህን ሁለት ኮዳ አድርግ ብላኛለች።