የሰፈራችንን ደረጃ ለአዛውንቶች እንዴት እንዳስተካከልነው

አዲስ አበባ ቀጨኔ አካባቢ ካሉት ቁልቁለት መንገዶች በአንዱ ላይ የነበረውን የድንጋይ ደረጃ በእድራችን ገንዘብና ጉልበት አፍርሰን እንደገና ሠርተነዋል። ቤተ ክርስቲያኑም ጤና ጣቢያውም ከደረጃው በታች ስለሆኑ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ጎረቤቶቻችን ከቤት መውጣት እየተዉ ነበር። ሥራውን ያስተባበርኩት እኔ ነኝና ልኩንና የተሳሳትንበትን ለሌሎች ሰፈሮች ላካፍል።

ገንዘቡ ሲሰበሰብ የኮሚቴው ሐሳብ አግዳሚ ወንበር መትከል ነበር። እኛ ግን አስቀድመን ሦስት ጠዋት ከእናቶችና ከአባቶች ጋር መንገዱን ወጣን፣ ወረድን። የቆሙበትንና ግድግዳ የያዙበትን ቦታ ሁሉ በኖራ ምልክት አደረግንበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለአረጋውያን ስለሚመቹ ከተሞች ያወጣው መመሪያም የተዘጋጀው፣ ናይሮቢን ጨምሮ በ33 ከተሞች አረጋውያኑን ራሳቸውን በመጠየቅ ነው። የእኛ ኖራ የበዛው ደረጃው ላይ ነበር፤ ያውም ሲወርዱ። ዳገት ያደክማል፤ የሚጥለው ግን ቁልቁለቱ ነው።

ደረጃውን ስንለካ ጥፋቱ ታየን። ጠቅላላ ከፍታው 2 ሜትር ከ85 ሲሆን በ16 እርከን ተከፍሎ ነበር። ዝቅተኛው እርከን 11 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍተኛው 23። እግር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት እርከኖች ይለምድና ቀሪውን በዚያው ልክ ይጠብቃል፤ የአንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነት እንኳ ያሰናክላል። ከሁሉም የከፋው የመጨረሻው እርከን ነበር፤ የክረምት ጎርፍ ከሥሩ አፈሩን እየጠረገ 23 አድርሶታል።

ስለዚህ 285ን ለ15 አካፍለን 19 እኩል እርከን አወጣን። መርገጫው 32 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ80። ከአሥረኛው እርከን በኋላ 1 ሜትር ከ20 የሚረዝም ማረፊያ አስገባን። ግንበኛው በዓይን ግምት እንዳይሠራ 15 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ ጣውላ ሰጠነው፤ እያንዳንዱ እርከን በዚያና በውሃ ልክ ተለክቶ ነው ያለፈው።

ኮንክሪቱ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ነው። መለኪያችን 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ነበር፤ አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ከሞላ ጎደል ይሞላዋል። ለደረጃውና ለእጅ መደገፊያው ቋሚዎች 9 ኩንታል ሲሚንቶ ሄደ። ሠራተኛ ማቡካቱ እንዲቀለው ውሃ ማብዛት ይወዳል፤ ያን ጊዜ የእርከኑ ጠርዝ በዓመቱ ይሸረፋል። እዚህ ላይ ቆሞ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሙሌቱን ያካሄድነው በጥርና በየካቲት፣ በግማሽ በግማሽ ስፋት ነው። መተላለፊያው አንድም ቀን አልተዘጋም። እርጥብ ጆንያ አልብሰን ሰባት ቀን ውሃ አጠጣነው።

ግንበኛው ላዩን ሊሾ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር። ያምራል፤ በሐምሌ ዝናብ ግን ሳሙና ነው። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ የጭራሮ መጥረጊያ ወደ ጎን ጎተትንበት፤ ሻካራ ሆኖ ቀረ። ውሃ እንዳይተኛበት እያንዳንዱን መርገጫ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት አዘነበልነው። በየጠርዙም 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቢጫ ቀለም ቀባን፤ ዓይኑ ለደከመና በጨለማ ኪዳን ለሚሄድ ሰው እርከኑ የት እንደሚያልቅ ይለየዋል።

ብዙ የተማርነው ከእጅ መደገፊያው ነው። በያጁ መጀመሪያ ያመጣው ባለ 2 ኢንች ቱቦ ነበር፤ 6 ሳንቲ ሜትር ስለሚወፍር የአሮጊት እጅ አይጨብጠውም። ባለ አንድ ከሩብ ኢንች ጋልቫናይዝድ (እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠ) ቱቦ፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ከምናምን፣ ልክ ነው። ባለ 6 ሜትር ሰባት ቱቦ በቃን፤ ሦስቱ ለመያዣው፣ አራቱ ለ14 ቋሚዎች። ከፍታው ከእርከኑ ጠርዝ 90 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በሁለቱም ጎን፤ አንድ እጁ ወይም አንድ እግሩ የሚያመው ሰው ሲወጣም ሲወርድም በደህናው በኩል መያዝ አለበት። ቱቦው ከላይም ከታችም 30 ሳንቲ ሜትር ከደረጃው እንዲያልፍ አድርገናል። ጫፉን ግን ቀጥ አድርገን ቆርጠን ትተነው ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት የአንዲት እናት ነጠላ ያዘባቸው፣ ሊጥላቸው ምንም አልቀረውም። ወዲያው ቆርጠን ወደ መሬት አጠፍነው። የብየዳው እሾህም መዳፍ ይቧጭራል፤ በግራይንደር አልስልሰን ሌላ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ እየዳሰሰ ፈተሸው። ጋልቫናይዝድ ሲበየድ ጭሱ ያሳምማል። ዚንኩን ከሚበየድበት ቦታ አስቀድሞ ፍቆ ማንሳት፣ ነፋስ ባለበት መሥራት፣ በኋላም የተፋቀውን በዚንክ ቀለም መሸፈን ያስፈልጋል።

ቋሚዎቹ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ገብተው በኮንክሪት ተሞልተዋል። አንገታቸው ላይ ኮንክሪቱን 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ዙሪያውን ማዘንበል ግድ ነው፤ ካልሆነ ውሃ ይጠራቀምና ብረቱ ከዚያ ጀምሮ ይበላል። ብሎን አልተጠቀምንም፤ የሚፈታ ብረት ውሎ አያድርም።

ጎርፉ ደረጃው ላይ እንዳይወርድ በጎኑ ቦይ ቆፈርን። ክዳኑ 60 በ40፣ ውፍረቱ 8 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 46 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ሁለት ሰው አንስቶ ያጸዳዋል። የክዳኑ ቀዳዳ ከ1.3 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፤ የከዘራ ጫፍ ይገባበታል።

ወንበሩን በመጨረሻ ማረፊያው አጠገብ ሠራን፤ ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ከፍታው 38 ሳንቲ ሜትር፣ ፊቱ በድንጋይ የተደፈነ ነበር። አባቶች ተቀምጠው መነሳት አቃታቸው። ሰው ለመነሳት ተረከዙን ከጉልበቱ በስተኋላ መሳብ አለበት፤ ድፍኑ ግንብ ይከለክለዋል። አሁን 46 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ሥሩ ክፍት፣ ሁለት ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ላዩ ጣውላ ነው፤ ባዶ ኮንክሪት በጠዋት ብርድ አያስቀምጥም።

በየዓመቱ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ የመጨረሻውን እርከን ሥር በዱላ እየወጋን አፈር መሸሹን እናያለን፤ የመጀመሪያውን ዓመት ከፍታው ወደ 17 ደርሶ ስለነበር ከፊቱ ድንጋይ አንጥፈን በሲሚንቶ አሰርነው። ቢጫው ቀለም ደግሞ በግንቦት ይታደሳል።