የአጎቴ መጋዝና የባህር ዛፉ አድባር

አጎቴ ቦሩ ሜዳ አካባቢ ባህር ዛፍ አለው። በቤንዚን የሚሠራ አሮጌ መጋዝም አለው፤ ቀለሙ ድሮ ምን እንደነበር እሱም ረስቶታል።

ሰሞኑን መጋዙ አልነሳም አለ። አገሩ ሁሉ መካኒክ ሆነ። አንዱ "ካንዴላው ነው" ይላል። ሌላው "ፊልትሮው ሰጋቱራ ጠጥቷል" ይላል። ጎረቤታችን ሼሁ "ቢስሚላህ ብላችሁ ሳቡት እንጂ" አሉ። ብለን ሳብነው። ትከሻዬ ሊወልቅ ደረሰ፣ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች።

ደሴ ወስጄ ለመካኒክ ሰጠሁት። ሰውዬው ብልሽቱን እስከማግኘት ድረስ ልክ ነበር። ካርብሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምትስብ ስስ ላስቲክ አለች፤ ደርቃለች። የቤንዚን ቱቦውም ተሰነጣጥቋል። ድብልቁን ሲጠይቀኝ ዝም አልኩ። "ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የድብልቅ ዘይት፣ በቃ" አለኝ። አጎቴ የሚለካው በዓይኑ ነው። ዓይኑ ደግሞ ቸር ነው፤ ለካ መጋዙ በተነሳ ቁጥር ሰፈሩ በጭስ የሚታጠነው ለዚህ ኖሯል። መካኒኩ የሚቀየረውን ቀየረ፣ ሰንሰለቱን ሞርዶ መልሶ ገጠመ፣ ኪሴን አራገፈ።

ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ገመዱን ገና ሳብ ሳደርገው ተነሳ። እልልታ! አጎቴ ተቀብሎኝ ዛፉ ላይ ጫነው። ሞተሩ ያጓራል፣ ሰንሰለቱ ይሽከረከራል፣ ዛፉ ይጨሳል። ጭሱ ሲገፈፍ ግንዱ ላይ ያለው አንድ ጥቁር ጭረት ብቻ ነው።

አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። "ይሄ ዛፍ እኮ አድባር ነው! ቡና ሳይፈላለት ትነኩታላችሁ?"

ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ስንቱ ወርካ ባለበት አገር አድባርነቱን ማን ሾመው? ግን አክስቴን ማን ይከራከራል! ረከቦቱ ቀረበ፣ ዕጣኑ ተጨሰ። አቦሉ ላይ ሼሁ መረቁ። ሞከርነው፤ ጨሰ። ቶናው ተጠጣ። አሁንም ጨሰ።

ለመካኒኩ ደወልኩ።

"የሰንሰለት ዘይት ሞልተሃል?"

"ሞልቻለሁ።"

"እንግዲያው ዛፉ ነው። ባህር ዛፍ ሲያረጅ ይጠነክራል። ለማንኛውም ፎቶ ላክልኝ።"

ላክሁ። ጠፋ። መልሼ ደወልኩ።

"ከላይ በኩል ጥርሱ ወዴት ነው የሚያየው?" አለ ቀስ ብሎ።

"ወደ ሞተሩ።"

"ወደ ጫፉ ነበር ማየት ያለበት። ተገልብጦ ነው የተገጠመው።"

"ማን ገጠመው?"

ጉሮሮውን ጠረገ። "ችግር የለም ወንድሜ፣ አምጣው። በቅናሽ እገለብጥልሃለሁ።"

አጎቴ ይህን ሲሰማ የሽፋኑን ብሎኖች እዚያው ፈታ፣ ሰንሰለቱን አዙሮ አጠበቀ። በረካው እየተቀዳ ሳለ ዛፉ ተገንድሶ ወደቀ።

"አላልኳችሁም?" አለች አክስቴ ስኒውን እያቀበለችኝ። አሁን የቀሩት ዛፎች ከመቆረጣቸው በፊት ቡና እንድገዛ ታዝዣለሁ።