ችካሉ አልተንቀሳቀሰም

ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከባሕር ዳር ወጣ ብለን፣ ጣና ዳር ያለ መሬት ወሰን እየለካን ነበር። እኔ ቀያሽ ነኝ። አብሮኝ ያለው ልጅ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስት ወሩ ነው።

ችካሎቹን አርብ ቀን ተክለን ጨርሰናል። የቀረን ማመሳከር ብቻ ነው። ጂፒኤሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ አስቸገረን። ሌላ ጊዜ ወዲያው "ፊክስ" (ልኬቱ ጸንቷል) የሚለው መሣሪያ "ፍሎት" (ገና አልጸናም) እንዳለ ቀረ። እንደምንም ፊክስ ሲል ቶሎ ብዬ ለካሁ። የመጀመሪያው ችካል ከትናንቱ በ40 ሴንቲ ሜትር ተዛነፈ። ሁለተኛውም እንደዚያው።

ልጁ ላይ ጮኽኩበት። "ዘንጉን ቀጥ አድርገህ ያዝ አላልኩህም?"

"ጋሼ፣ ውሃ ልኩን ራስዎ ይዩት" አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አረፋዋ ከክቧ መሃል ንቅንቅ አላለችም። ዘንጉን ጨምቆ ከመያዙ የተነሳ የአውራ ጣቱ ጥፍር ነጥቷል።

ያኔ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ትናንት ተሳስተናል፣ ችካሉን ነቅለን እናዛውር አልኩ። አዲሱ መስመር የሚያልፈው በአንድ አዛውንት ቡና መሃል ነው። ሰውየው አጥራቸውን ተደግፈው ያዩናል።

"ልጄ፣ ትናንት እዚህ ጋ ነው አላልከኝም?" አሉኝ። የምመልስላቸው ጠፋኝ።

ልጁ ነው ያዳነን። "መጀመሪያ ኮንትሮል ነጥቡ ላይ እንሞክረው" አለ። ቦታው አስቀድሞ በትክክል የታወቀ ማመሳከሪያ ነጥብ ነው። ሄደን ሞከርነው። ለዓመታት ሳይነቃነቅ የኖረው፣ በኮንክሪት የታሰረው ነጥብም መሣሪያው ላይ ቦታውን ለቋል። ሥራውን አቁመን ገባን።

ማታ ስልኬን ስከፍት የአውሮፓና የአሜሪካ ሰማይ ሮዝና አረንጓዴ ሆኖ አየሁ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያልታየ ኃይለኛ መግነጢሳዊ ማዕበል ምድርን መትቷት ነበር።

ፀሐይ ላይ ፍንዳታ ሲነሳ ጨረሩ በ8 ደቂቃ ይደርሰናል፤ የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ያውካል። የምድርን መግነጢሳዊ መስክ የሚያናውጠው ግን ከኋላ የሚመጣው ነው። ፀሐይ የምትተፋው፣ በቢሊዮን ቶን የሚቆጠር፣ ኤሌክትሪክ ያዘለ ጋዝ። እሱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጅበታል። የዚያን ሳምንቱ የደረሰው አርብ ማታ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ችካሎቹ ከተተከሉ በኋላ ማለት ነው።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ያሉት 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ምልክታቸው እኛ ጋ ለመድረስ አዮኖስፌርን፣ ኤሌክትሪክ ያዘለውን የላይኛውን የአየር ንብርብር፣ ማቋረጥ አለበት። ያ ንብርብር ሲታወክ ምልክቱ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል። እኛ በሁለት መሣሪያ፣ አንዱን "ቤዝ" ብለን በታወቀ ቦታ አቁመን ሌላውን ይዘን እየዞርን፣ የምንለካው ይህን ስህተት ለማጣፋት ነው። ሁለቱ የሚያዩት ሰማይ ተመሳሳይ ከሆነ ስህተቱ ይጣፋል። የኛ ቤዝ ግን 15 ኪሎ ሜትር ርቆ ከተማ ውስጥ ነበር። መግነጢሳዊው የምድር ወገብም በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ ከኛ በላይ ያለው አዮኖስፌር በደህናውም ጊዜ እረፍት የለውም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ልጁን መጠርጠር ቀለለኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማክሰኞ ተመልሰን ለካን። የአርቡ ችካል ልክ ነበር። አዛውንቱ ባሉበት ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። አቀርቅሮ "ችግር የለም ጋሼ" አለ።

አሁን ከመውጣታችን በፊት የፀሐይን ሁኔታ ስልክ ላይ አያለሁ። ሥራ ሲጀመርም ሲያልቅም ኮንትሮል ነጥቡን የሚለካው ልጁ ነው። እሱ "ልክ ነው" ሳይል ችካል አይተከልም፣ አይነቀልም።